ሄልሜቱ ከመጋዘን የሚወጣው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነው

(በሥራ ላይ ስለሚደርስ አደጋ በአዲስ አበባ በተካሄደ የሠራተኞችና የአሠሪዎች ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «የሥራ ላይ ደኅንነትን በሠራተኞች ሥልጠናና በቀልጣፋ ቁጥጥር ማሻሻል» ይላል። እውነቱን ለመናገር ርዕሱ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት ይሸታል። እንዲህ ያለ ርዕስ የሰማ ሰው ቀጥሎ የሚጠብቀው የሻይ ዕረፍቱን ነው። ከርዕሱ ጀርባ ያለው ነገር ግን ቀልድ አይደለም። ጠዋት ምሳውን በፌስታል ቋጥሮ ከቤቱ የወጣ ሰው ማታ በሁለት እግሩ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ጥያቄው ይኸው ነው።

እኔ መሐንዲስም የሕግ ባለሙያም አይደለሁም። በግሌ ለጋዜጣ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ያየሁትንና ያነበብኩትን አቀርባለሁ፤ የማይጥማችሁ ነገር ካለ በኋላ እንሟገታለን።

አንድ ነገር አስቀድሜ ከመንገዳችን ላይ ላንሣ። የሥራ ላይ አደጋ ሲነሣ ብዙ ሰው «ሕግ የለም እኮ!» ይላል። ሕግማ ሞልቷል። ደርግ በ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 64ን አወጣ። ኢሕአዴግ በ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 42ን፣ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ 377ን አወጣ። ዛሬ የምንዳኝበት አዋጅ ቁጥር 1156 የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት አለው ብሎ ጽፏል። የዓለም የሥራ ድርጅት ያወጣውን የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት፣ ቁጥር 155ን፣ አገራችን ያጸደቀችው በጥር ወር 1983 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፤ ደርግ ሊወድቅ አራት ወር ሲቀረው! ቤቱ እየነደደ ስለ እሳት ማጥፊያ መፈረም ማለት ይኼ ነው።

እንግዲህ ወረቀት አልጠፋም። አዋጁ አሠሪውን ምን ያዘዋል? ሠራተኛው ሥራው የሚያመጣበትን አደጋና ማድረግ ያለበትን ጥንቃቄ በሚገባ እንዲያውቅ አድርግ ይላል። የደኅንነት ሠራተኛ መድብ፣ የደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ አቋቁም፣ መከላከያ ልብስና መሣሪያ አቅርብ፣ አደጋ ሲደርስ መዝግበህ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አሳውቅ ይላል። ለተቆጣጣሪው ደግሞ ቀላል የማይባል ሥልጣን ይሰጠዋል። በሥራ ሰዓት፣ በማናቸውም ጊዜ፣ አስቀድሞ ሳያሳውቅ ወደ ሥራ ቦታ መግባት ይችላል። የመጣው በሠራተኛ አቤቱታ መሆኑንም ለአሠሪው መንገር የለበትም።

«አስቀድሞ ሳያሳውቅ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። አሁን ወደ ሳይት ልውሰዳችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የደረሰ ሕንፃ ነው። የማን እንደሆነ አልናገርም፤ የአንድ ሰው ብቻ ነውር ስላልሆነ ስሙን መጥራቱ ሌላውን ነጻ ያወጣዋል። ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ግቢው እንደ በዓል ዋዜማ ሲተራመስ አገኘሁት። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ሄልሜት ያድላል። ግማሹ ሄልሜት ከፕላስቲኩ እንኳ አልወጣም። የሚቀበለው ሁሉ በመዝገብ ላይ ይፈርማል። ምን ተገኘ ብል «ነገ ቁጥጥር አለ» ተባልኩ። ማን ነገራችሁ? ተደውሎልን! በማግስቱ እንግዶቹ መጡ፤ ቢሮ ውስጥ ተቀመጡ፤ አንደኛ ፎቅ ድረስ ወጡ፤ ፎርም ሞሉ፤ ሄዱ። ሄልሜቱም እንደ ሠርግ ድስት ተቆጥሮ እንደወጣ ተቆጥሮ ገባ። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ አርማታ በባሬላ ይሸከሙ የነበሩት ልጆች ወደ ታች አጎንብሰው ትርዒቱን ከማየት በቀር ቁጥጥር የሚባለው ነገር አልደረሳቸውም። ያጎነበሱበት ጠርዝ ላይ ደግሞ አንድም መከላከያ አግዳሚ አልነበረም።

አንድ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ስለዚህ ጉዳይ ጠይቄው ጎኑን እያከከ የመለሰልኝ ቢያሳዝነኝም ሐሰት አልመሰለኝም። መሥሪያ ቤቱ ተሽከርካሪ የለውም፤ ለመሄድ ድርጅቱ መኪና እንዲልክ ይደወላል። መኪና ላክልን ተብሎ የተደወለለት አሠሪ ደግሞ ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ሕጉ «ሳታሳውቅ ግባ» ሲል፣ በጀቱ «አሳውቀህ፣ በሱ መኪና፣ የሱን ቡና ጠጥተህ ግባ» ይላል ማለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል እንሰማለን፤ እዚህ ግን ውሻው የሚመጣበት ሰዓት ለጅቡ ቀድሞ ይነገረዋል።

አሁን ወደ ሥልጠናው ልመለስ። ይኼኛው ደግሞ በሌላ መንገድ ይብሳል።

አንድ ቀን «የሴፍቲ ሥልጠና» ተብሎ በተጠራ ዝግጅት ላይ ተገኘሁ። አዳራሹ ጥሩ ነው። አሠልጣኙ በፕሮጀክተር ያሳይ የነበረው ጽሑፍ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። ሥዕሉ ላይ ያሉት ፈረንጆች ከእግር እስከ ራስ ታጥቀዋል፤ ቤልት፣ ጓንት፣ መነጽር፣ አንጸባራቂ ሰደርያ። ከሠልጣኞቹ መካከል ከወላይታ የመጣ፣ አማርኛውም ገና ያልጠራ ልጅ አጠገቤ ነበር። ከሥልጠናው ምን እንደያዘ ስጠይቀው ትንሽ አሰበና ለስላሳው ጥሩ እንደነበር ነገረኝ። ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቼ ግን ሳቄ ጠፋ፤ ምክንያቱም ይኸው ልጅ ሲወጣ ፈርሟል። ምን ላይ እንደፈረመ አያውቅም።

ወገኖቼ፣ ያቺ ፊርማ ቀላል አይደለችም! አብራችሁኝ አስቡ። በአዋጃችን መሠረት ሠራተኛ በሥራው ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም ኃላፊ ነው። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ሕጉ መውጫ ቀዳዳ አለው። ጉዳቱን ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ከሆነ አሠሪው አይጠየቅም። እንዲህ ካሉት ነገሮች መካከል ሕጉ ምን ይቆጥራል? አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስን፣ ወይም ሰክሮ ሥራ መግባትን። እንግዲያው ያ ልጅ ከፎቅ ቢወድቅ፣ አሠሪው ከካቢኔቱ ምን ያወጣል? «ይኸው ሠልጥኗል፤ ቤልት ሳታስር አትውጣ ተብሏል፤ ይኸው ፊርማው!» የቤልቱ ቁጥር ስንት ነበር? የሚታሰርበት ቦታስ ነበር ወይ? ይህን የሚጠይቅ ከተገኘ ጥሩ ነው። ካልተገኘ ግን ሠራተኛውን ሊያድን የተዘጋጀው ሥልጠና የተጎዳው ሠራተኛ ካሣ መከልከያ ይሆናል። በማያውቀው ቋንቋ ተነግሮት፣ በማያነበው ወረቀት ላይ የፈረመ ሰው መመሪያ ተሰጥቶታል አይባልም፤ ወጥመድ ተዘርግቶለታል ነው የሚባለው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ለማኅበራቱ ነው። የሥልጠና መፈረሚያ ወረቀት ሲመጣ ሠልጣኙ በሚናገረው ቋንቋ ይሁን በሉ። ምን እንደተማረ ዝርዝሩ ይጻፍበት። አንድ ቅጂ ሠራተኛው እጅ ይግባ። ይህ አንድ ሳንቲም ከማያስወጡ ነገሮች አንዱ ነው።

ሁለተኛ፣ ማንን ነው የምናሠለጥነው? አዳራሽ የሚገባው ቋሚው ሠራተኛ ነው። ጎሕ ሲቀድ ከመንገድ ዳር ተለቅሞ በካቦ እጅ የሚገባው የቀን ሠራተኛ አዳራሹን አያውቀውም። የካናዳ ተመራማሪዎች ለዓመታት የአደጋ መዝገብ አገላብጠው ያገኙት ነገር አለ፤ ሥራ ላይ ገና አንድ ወር ያልሞላው ሰው፣ ከዓመት በላይ ከቆየው ይልቅ ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት የሚደርስበት ዕድል ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። እኛ አገር የቀን ሠራተኛው ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው። ለሱ ሁሌም የመጀመሪያው ወር ነው። ሥልጠናውን ለቋሚው፣ አደጋውን ለጊዜያዊው አከፋፍለናል ማለት ነው።

ለዚህ ሰው የሦስት ቀን ሴሚናር አያስፈልገውም። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ሥራው ቦታ ላይ፣ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ግን አሥር ደቂቃዋ እውነተኛ ትሁን። ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ቁፋሮን እንውሰድ።

ቦይ የሚቆፍር ልጅ ሊያውቅ የሚገባው ጥቂት ነገር ነው፤ ያ ጥቂት ነገር ግን ነፍሱ ናት። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል፤ ሲርስ ደግሞ ወደ ሁለት ቶን ይጠጋል። አንድ ሙሉ ቪትዝ መኪና ደረታችሁ ላይ ሲወርድ አስቡት። ደረቱ ድረስ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆንም መተንፈስ ያቅተዋል፤ ሳንባው የሚሰፋበት ቦታ የለውማ! በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ ደግሞ ጠባዩ ክፉ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። ትናንት እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ የቆመው ግድግዳ ሌሊት ከዘነበ ጠዋት አይታመንም።

እንግዲህ አሥሯ ደቂቃ ይህች ናት። ጉድጓዱ ከአንድ ሜትር ተኩል ካለፈ ግድግዳው በእንጨት ወይም በብረት ካልተደገፈ፣ ወይም ተዳፋት ሆኖ ካልተቆረጠ አትግባ። የወጣው አፈር ከጉድጓዱ አፍ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ጠርዙ ላይ ከተከመረ ራሱ ገፍቶ ይመለሳል። መኪና ከጠርዙ አይጠጋ። መሰላል ከአጠገብህ አይራቅ። ግድግዳው ላይ አዲስ ስንጥቅ ካየህ መጀመሪያ ውጣ፣ ከዚያ ተናገር። ደግሞ ጓደኛህ ቢቀበር ዘለህ አትግባበት፤ ሁለተኛው ሬሳ ብዙ ጊዜ የአዳኙ ነው። በቃ! ከዚያ በኋላ ልጁ ራሱ ያሳይ፤ «ይኼኛው ጉድጓድ ይገባበታል ወይስ አይገባበትም? ለምን?» ተብሎ ይጠየቅ። መልስ መስጠት ካልቻለ አሠልጣኙ ነው የወደቀው።

መወጣጫውም እንዲሁ ነው። የባሕር ዛፍ እንጨት በመሆኑ ብቻ መወንጀል አልወድም። የሚገድለው እግሩ ዋልካ ላይ ያለ ሳንቃ መቆሙ፣ ከሕንፃው ጋር አለመታሰሩ፣ የሚረገጠው ጣውላ ያልተመታ መሆኑ፣ ጠርዙ ላይ አግዳሚ አለመኖሩ ነው። ይህን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ ዓይን ይበቃል። ፎርማኑ ጠዋት ጠዋት ዞሮ አይቶ ይፈርም። ፊርማ ከተወደደ የፎርማኑ ፊርማ ይወደድ!

ስለ ኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ስለ በያጅ መነጽር፣ ሽፋኑ ስለወለቀ ግራይንደር፣ ስለ ጥጥ ብናኝና ስለ አበባ እርሻ ኬሚካል ጊዜ ቢኖረኝ እንዲሁ እላችሁ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቀስ ብለው የሚገድሉ ስለሆኑ ዜና አይሆኑም እንጂ ከፍ ያለው ቁጥር ያለው እዚያ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በሥራ ምክንያት ይሞታል። በአደጋ የሚሞተው 330 ሺህ ያህሉ ነው። ሌላውን የሚወስደው ከሥራ የሚመጣ በሽታ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለኝ። ሥልጠና ብቻውን ያድናል ብሎ የሚያስብ አሠሪ ራሱን እያታለለ ነው። የካናዳና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በዓለም ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው መርምረው እ.ኤ.አ. በ2012 የደረሱበት መደምደሚያ ይህንኑ ይላል። ሥልጠና የሠራተኛውን አሠራር እንደሚለውጥ ጠንካራ ማስረጃ አለ፤ ብቻውን ጉዳትን ለመቀነሱ ግን በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ነገሩ ግልጽ ነው። አግዳሚ የሌለው ጠርዝ ላይ የቆመን ሰው ስለ ጥንቃቄ ብታስተምሩት በጥንቃቄ ይወድቃል። አግዳሚውን የሚያስገጥመው ሥልጠናው ሳይሆን የአሠሪው ገንዘብ ነው፤ የአሠሪውን እጅ ወደ ኪሱ የሚልከው ደግሞ ቁጥጥር ነው። ሄልሜት፣ ቤልት፣ ጓንት የመጨረሻው ምሽግ ናቸው። እኛ ዘንድ ግን ፊተኛውም ኋለኛውም ምሽግ ሄልሜት ሆነና እሱም መጋዘን ገባ።

የይስሙላ ቁጥጥር የእኛ ብቻ በሽታ እንዳይመስላችሁ። በካራቺ፣ ፓኪስታን፣ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል የልብስ ፋብሪካ ነበር። በ2005 ዓ.ም. መስከረም 1፣ እኛ እንቁጣጣሽ ስንል በዋልንበት ዕለት፣ በእሳት ጋየ። ከ250 በላይ ሠራተኞች አለቁ። መስኮቱ በብረት የታጠረ፣ መውጫው የተዘጋ ነበር። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ፋብሪካው ከሳምንታት በፊት ተመርምሮ የመልካም አሠራር የምስክር ወረቀት ተቀብሏል! መርማሪ መጥቷል፤ ፎርም ተሞልቷል፤ ማኅተም ተመቷል። ከዚያ ሰዎቹ ተቃጠሉ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 16 ቀን ባንግላዴሽ፣ ዳካ አጠገብ፣ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ፈረሰ። ከ1 ሺህ 100 በላይ ሰው ሞተ። እዚህ ላይ ሥልጠናና ቁጥጥር ሁለቱም በአንድ ሌሊት ተፈትነው ወደቁ። ከአንድ ቀን በፊት ግድግዳው ላይ ትልልቅ ስንጥቅ ታይቶ ነበር። ታች የነበሩት ባንክና ሱቆች ዘግተው ሄዱ። ላይ ያሉት የልብስ ሠራተኞች ግን በማግስቱ ግቡ ተባሉ፤ ገቡ። ስንጥቁን አይተውታል። አደጋ መሆኑን አላወቁም አይባልም። ያልነበራቸው ዕውቀት ሳይሆን «አልገባም» ብሎ ደመወዝ ሳይቆረጥበት የመቅረት አቅም ነበር።

ይህ መብት እኛ ጋ አለ ወይ? አዋጃችን፣ አሠሪው አስጊ አደጋ መኖሩን እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል ይላል። ደግ ነው፤ ግን መልቀቅ ማለት እኮ እንጀራን መልቀቅ ነው። ቅድም ያነሣሁት ስምምነት ቁጥር 155 የሚለው ከዚህ ይሻላል። ለሕይወቱ የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን በቂ ምክንያት ይዞ ከሥራው ዘወር ያለ ሠራተኛ ቅጣት ሊደርስበት አይገባም ይላል። አገራችን አጽድቃዋለች። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። እንግዲህ ማኅበራት በኅብረት ስምምነታችሁ ላይ ይህችን አንድ አንቀጽ አስገቡ። ድርድሩ ላይ ስለ ሳሙናና ስለ ቱታ ሰዓታት ስትጨቃጨቁ ሰምቻለሁና፣ ከሱ ግማሽ ሰዓት ቀንሱላት።

ከራና ፕላዛ በኋላ ባንግላዴሽ ውስጥ ምን ተደረገ? ልብስ ገዢዎቹ የውጭ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የሚያስገድድ ስምምነት ተፈራረሙ። መሐንዲሶች ከአንድ ሺህ በላይ ፋብሪካዎችን መረመሩ። ትልቁ ነገር ደግሞ የምርመራው ውጤት መሳቢያ ውስጥ አለመቀበሩ ነው። የየፋብሪካው ጉድለት፣ ምን ያህሉ እንደታረመና ምን ያህሉ እንደቀረ ሁሉም ሊያነበው በሚችል ቦታ በይፋ ወጣ። ሰሚ ያጣው ሠራተኛም የሚያመለክትበት መንገድ ተከፈተለት። ፍጹም ነበር አልልም። ግን ቁጥጥር ማለት ጉብኝት ሳይሆን የታወቀ ውጤት መሆኑ የታየው እዚያ ነው።

አሠሪዎች፣ አሁን የምናገረው ለእናንተ ነው፤ «ቁጥጥር ሥራ ያደናቅፋል፣ ድርጅት ያዘጋል» የሚለውን ስለምሰማ። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች በዕጣ የመረጧቸውን ድርጅቶች ሳይነግሩ ይጎበኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ዕጣ የወጣባቸውንና ያልወጣባቸውን አወዳደረ። በተጎበኙት ላይ ጉዳት በ9.4 በመቶ ቀነሰ፤ ለጉዳት የሚወጣው ወጪ በ26 በመቶ ወረደ። ሥራ ጠፋ ወይ? የተገኘ ምልክት የለም። ሽያጭ ወደቀ ወይ? አልወደቀም። የዘጋ ድርጅትም አልበዛም። ያው የአሜሪካ ነው በሉኝ፤ የሰው አጥንት ግን በሁለቱም አገር አንድ ነው የሚሰበረው።

ሌላ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል፤ ይኼኛው ለእኔ ቢጤ ጋዜጠኛ ደስ ይላል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከባድ ጥፋት የተገኘባቸውን ድርጅቶች ስም በጋዜጣዊ መግለጫ ማውጣት ጀመረ። በዙሪያው ያሉ ሌሎች ድርጅቶች ስማቸው እንዳይወጣ ፈርተው ራሳቸውን አስተካከሉ። ተመራማሪው ሲያሰላው አንዲት መግለጫ ያመጣችውን ውጤት ለማግኘት 210 የቁጥጥር ጉብኝት ያስፈልግ ነበር። 210 ጉብኝት! መኪና የለኝም፣ ነዳጅ የለኝም፣ ሰው የለኝም ለሚል መሥሪያ ቤት ከዚህ የረከሰ መድኃኒት ከየት ይመጣል? አንድ ወረቀትና አንድ ሙጫ ነው የሚፈጀው።

ታዲያ ለምንድን ነው የማይደረገው? እዚህ ላይ ነገሩ ፖለቲካ ይሆናል፤ ብትወዱም ባትወዱም። በዚህች አገር ትልቁ አሠሪ፣ ትልቁ አስገንቢ፣ ትልቁ ተቆጣጣሪ አንድ አካል ነው። መንግሥት! ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ተብሎ ቀንና ሌሊት ተሠርቷል። በሌሊት መብራት መቆፈር፣ ማፍረስና ብረት ማንሣት ከቀኑ ይልቅ አደገኛ መሆኑን የማያውቅ ግንበኛ የለም። ስንት ኪሎ ሜትር እንደተነጠፈ ዜናው እየደጋገመ ነግሮናል። ስንት ሰው ተጎዳ፣ ማን ተካሰ የሚል ዜና ግን ጆሮዬ አልገባም። ራሱን ማጋለጥ የማይፈልግ አካል የግሉን ተቋራጭ ስም በበር ላይ ይለጥፋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ስለዚህ ከግል ሕንፃዎች በፊት በመንግሥት ፕሮጀክቶች ይጀመር። ውጤቱ መጀመሪያ እነሱ በር ላይ ይለጠፍ።

ሥራ ቦታ ተብሎ የማይቆጠር ሥራ ቦታም አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ሲናድ ከ110 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ። እዚያ ከነበሩት ብዙዎቹ ከቆሻሻው ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ የሚያድሩ ነበሩ። አሠሪ ስለሌላቸው ተቆጣጣሪ አልነበራቸውም። የተራራው ቁልቁለት ግን ለማንም ዓይን ይታይ ነበር።

ጥቂት ተቆጣጣሪዎች አሉን እንበል። እነዚህን ጥቂቶች ወዴት እንላካቸው? አሁን የሚላኩት በፊደል ተራ ይሁን በፋይል ተራ፣ ብቻ ጥሩ መንገድና ጥሩ ቡና ወዳለበት ይመስላል። እኔ ብጠየቅ አንድ አድራሻ እሰጣለሁ፤ ሆስፒታል። አዲስ አበባ ውስጥ ለድንገተኛ አደጋና ለቃጠሎ የቆመ አቤት የሚባል ሆስፒታል አለ። ከየትኛው አካባቢ፣ በምን ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው እንደመጣ ከእንዲህ ዓይነቱ ድንገተኛ ክፍል በላይ የሚያውቅ የለም። የታካሚው ስም ሳይነሣ፣ የሥራው ዓይነትና ቦታው ብቻ በየሳምንቱ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ክፍል ቢደርስ፣ ተቆጣጣሪው ሰኞ ጠዋት ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። አሠሪው ያልመዘገበውን አደጋም ያገኘዋል። ሲሄድ ደግሞ በታክሲም ቢሆን በራሱ ይሂድ። ቢሮ አይግባ፤ በቀጥታ ላይኛው ፎቅ ይውጣ፤ ወይም ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቁም። ሠራተኛውን ለብቻው ያነጋግር። አንድ የቀን ሠራተኛ ጠርቶ «ይህ ጉድጓድ ይገባበታል?» ብሎ ይጠይቅ። ከፋይሉ ይልቅ የዚያ ልጅ መልስ ሥልጠና መኖር አለመኖሩን ይነግረዋል።

ለአሠሪዎች አንድ የሒሳብ ነገር ልጨምር። የኢንሹራንስ ሽፋን ያልተገባለት ሠራተኛ ዘላቂና ሙሉ የአካል ጉዳት ቢደርስበት አሠሪው የአምስት ዓመት ደመወዙን በአንድ ጊዜ ይከፍላል። ከዚያ በፊት በሕክምና ላይ ሳለ ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን ሦስት ወር ሰባ አምስት በመቶ፣ ቀጥሎ ስድስት ወር ግማሹን ያገኛል። የአንድ ፎቅ ጠርዝ በአግዳሚ ለማጠር የሚያስፈልገውን ባሕር ዛፍና ሚስማር ደግሞ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታሰሉታላችሁ። እርግጥ ብዙዎቻችሁ የምትተማመኑት ተጎጂው አይከስም፣ ቢከስም ማስረጃ አይኖረውም በሚለው ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡት የማኅበራት ተወካዮች ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል።

ለእናንተ ለተወካዮቹ፣ ሥራው ከነገ ጠዋት ይጀምራል። አንድ ደብተር ግዙ። የተጎዳውን ብቻ ሳይሆን ለጥቂት የተረፈውንም መዝግቡ፤ የወደቀው ጡብ ማንንም ባይመታም ተጽፎ ይቀመጥ። አዋጁ ሠራተኛው ያየውን ጉድለት ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ግዴታ ጥሎበታል፤ ይህን ግዴታ ወደ መሣሪያነት ለውጡት። በቃል አትናገሩ። በሁለት ቅጂ ጻፉ፣ ቀን አድርጉበት፣ አንዱን አስፈርማችሁ አስቀሩ። «አግዳሚ የለም ብለን ሚያዝያ 25 ቀን ጽፈናል» የሚል ወረቀት ካለ፣ «ሠልጥኖ ፈርሟል» የሚለው የአሠሪው ወረቀት ፍርድ ቤት ፊት ብቻውን አይቆምም። ከዚያም አልፎ የቁጥጥሩ ውጤት ሠራተኛው በሚገባበት በር ላይ እንዲለጠፍ በጽሑፍ ጠይቁ። እምቢ ካሏችሁ የእምቢታውን ደብዳቤ ለእኔም ለባልደረቦቼም ስጡን። ዐምድ አለን።

ክረምቱ ሊገባ ሁለት ወር ግድም ቀርቶታል። ሐምሌ ላይ ዋልካው ውኃ ይጠጣል፤ ቦዩ ግን እንደተቆፈረ ነው። ደብተሩ ከዚያ በፊት ይገዛ።